የአዲስ ፒክአፕ መሪ ሲንቀጠቀጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የማነሣው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ከመርከብ ከወረደ ብዙ ያልቆየ፣ የመቀመጫው ላስቲክ እንኳ ያልተነሣለት ፒክአፕ በፍጥነት ሲነዳ መሪው በሾፌሩ እጅ ውስጥ የሚንቀጠቀጥበትን ምክንያት ፈልጎ የማግኘት ጉዳይ ነው። ከመሐንዲሱ አንሥቶ እስከ ጎሚስታው ድረስ ይህ አቤቱታ ያልቀረበለት ባለሙያ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የምንሰጠውም መልስ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። «መንገዱ ነው» እንላለን፤ ወይም «የሾፌሩ አነዳድ ነው» እንላለን፤ ወይም ደግሞ «አዲስ ስለ ሆነ ነው፣ ሲነዳ ሲነዳ ይስተካከላል» ብለን እናሰናብታለን። ሦስቱም መኪናውን ሳይመረምሩ የሚሰጡ መልሶች ናቸው።

ጉዳዩ ትንሽ ያልሆነባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የሰው ሕይወት ነው፤ መንቀጥቀጡ የመጣው በሚገባ ካልጠበቀ የጎማ ዳዶ ከሆነ ጎማው በጉዞ ላይ ወልቆ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው የባለንብረቱ መብት ነው፤ የፋብሪካ ዋስትና በጊዜና በኪሎ ሜትር የተወሰነ በመሆኑ «ይስተካከላል» እየተባለ የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ከዚያ መብት ላይ ይቀነሳል። ሦስተኛው የሾፌሩ ክብር ነው። የመሥሪያ ቤት ሾፌር በአዲስ መኪና ላይ ጉድለት አለ ሲል ሰበብ ፈላጊ ተብሎ ይታማል፤ ጎማው በጥቂት ወራት ተበልቶ ሲገኝ ግን ተጠያቂው እርሱ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ምርመራ የሙያ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ሥራ ነው።

አባቶቻችን «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ ጥያቄ ነው። ቁልፍ ከማንሣታችን በፊት ሾፌሩን ልንጠይቀው የሚገባን ይህ ነው፦ መንቀጥቀጡ በስንት ኪሎ ሜትር ይጀምራል? በስንትስ ይቆማል? በመሪው ላይ ነው ወይስ በመቀመጫውና በወለሉ ላይ? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው ወይስ ዘወትር? ነዳጅ ሲሰጥ ይብሳል ወይ? ጠዋት ከማታ ይለያል ወይ? ጭነት ሲኖር ይለወጣል ወይ? ከተረከቡት ቀን ጀምሮ የነበረ ነው ወይስ ጎማ ከተፈታ በኋላ የመጣ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሟላ መልስ ያገኘ ባለሙያ ከሥራው ግማሹን እንደ ፈጸመ ሊቆጥር ይችላል።

ይህን የምልበት ምክንያት ንዝረት ሁሉ የራሱ ድግግሞሽ ስላለው ነው። ለምሳሌ በብዙ ፒክአፖች ላይ የሚገኘውን 265/65 ባለ 17 ኢንች ጎማ እንውሰድ። ይህ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር በግምት 2.4 ሜትር ይጓዛል። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ጎማው በሰከንድ ከ11 እስከ 12 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ንጽጽር 4 ለ1 ቢሆን ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ካርዳን በዚያው ፍጥነት በሰከንድ 46 ጊዜ ያህል ይዞራል። በደቂቃ 2,000 ዙር የሚሠራ ሞተር ደግሞ በሰከንድ 33 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 12 ጊዜ የሚመታውን ንዝረት እጅ እንደ መንቀጥቀጥ ይቀበለዋል፤ በሰከንድ 46 ጊዜ የሚመታውን ግን ጆሮና መቀመጫ እንደ ጉምጉምታ ይቀበሉታል። በዛሬው ጊዜ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ እንኳ ንዝረትን የሚለካ ክፍል ስላለው፣ ተስማሚ ፕሮግራም ከተጫነበትና በጋቢናው ውስጥ በሚገባ ከታሰረ ድግግሞሹን በቁጥር ሊያሳየን ይችላል። ቁጥሩ 12 ገደማ ከሆነ ካርዳን መፍታት ከንቱ ድካም ነው።

መሪ በዝቅተኛ ፍጥነት ጸጥ ብሎ በ90 እና በ110 መካከል የሚነሣውስ ስለ ምንድን ነው? በቸርኬው ጠርዝ ላይ የ30 ግራም ሚዛን ጉድለት አለ እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይህ ጉድለት ከመሃል ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከአንድ ኪሎ ክብደት ያነሰ ነው። ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ግን በ100 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ሆኖ ወደ ሦስት ተኩል ኪሎ ይደርሳል፤ ያም በየዙሩ ይመታል። በዚህ ላይ የመኪናው የፊት ጎማ ከነተሸካሚው የራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ አለው፤ እርሱም በአብዛኛው በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ነው። የጎማው ዙር ከዚህ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም መንቀጥቀጡ ይገናል፤ ሲያልፈውም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ሾፌሩ «በ95 ይጀምራል፣ በ115 ይጠፋል» ሲል የተዛባ ነገር አልተናገረም፤ የፊዚክስን ሕግ በራሱ ቋንቋ ነገረን እንጂ።

አሁን ወደ አዲስ መኪና ልዩ ጠባይ ልሻገር። አዲስ መኪና ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት በመርከብ ላይ፣ በወደብና በመጋዘን ግቢ ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆማል። ጎማ በአንድ ቦታ ለረዥም ጊዜ ሸክም ሲያርፍበት መሬት የነካው ጎኑ ይተኛል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ጎማው ሲሞቅ ይመለሳል፤ ከባድ ከሆነ ግን አይመለስም። ከዚህ የተነሣ የመንገድ ፈተና መደረግ ያለበት መኪናው ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው። ጠዋት ብሶ ከተነዱ በኋላ የሚለቅ መንቀጥቀጥ ጎማው ለመተኛቱ ጥሩ ምስክር ነው።

የነፋሱም ነገር አለ። ለማጓጓዣ ሲባል ጎማዎች ከመደበኛው በላይ ተነፍተው ሊመጡ ይችላሉ፤ ርክክብ ከመደረጉ በፊት በበሩ ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሠንጠረዥ ልክ መስተካከል ይኖርባቸዋል። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ የመንገዱን ሸካራነት ሁሉ ወደ መሪው ስለሚያስተላልፍ ምርመራችንን ያሳስታል። እዚህ ላይ አንድ የአገራችንን ነገር ላንሣ። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ወደሚገኘው አዲስ አበባ የወጣ ጎማ፣ የውጭው አየር ግፊት በሩብ ያህል ስለሚቀንስ፣ በመለኪያው ላይ 3 ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ጨምሮ ሊነበብ ይገባ ነበር። የደጋው ቅዝቃዜ ደግሞ ግፊቱን ወደ ታች ስለሚስበው አንዱ ሌላውን በከፊል ወይም በሙሉ ያካክሰዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ግምት መለኪያን አይተካም፤ የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው።

ጭቃም አለ። በክረምት ወደ ገጠር ወጥቶ የተመለሰ ፒክአፕ በቸርኬው ውስጠኛ ጎን የደረቀ ጭቃ ተሸክሞ ይመጣል። ከላይ በ30 ግራም የሆነውን ካየን የአንድ እፍኝ ጭቃ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ከምርመራ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ውኃ ነው። ሲታጠብም የሚዛን እርሳስ ወድቆ ሙጫው ብቻ የቀረበት ቦታ እንዳለ እግረ መንገዳችንን እንመልከት።

ቀጥሎ ዳዶዎቹ ናቸው። ጎማው ሲታሰር በሞዞውና በቸርኬው መካከል ዝገት፣ ቀለም ወይም ቆሻሻ ከገባ ቸርኬው ዘንበል ብሎ ይቀመጣል። ዳዶዎቹ በዙሪያ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ሊጠብቁ ይገባል፤ የመጨረሻው ማጥበቅም በነፋስ ጠመንጃ ሳይሆን ልኩን በሚያሳይ ቁልፍ መፈጸም አለበት፤ ልኩን የሚወስነው የመኪናው መመሪያ ነው። በአንዳንድ ፋብሪካዎች ለብረት ቸርኬ የሚሆነው ዳዶ ሾጣጣ፣ ለአልሙኒየም ቸርኬ የሚሆነው ደግሞ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ነው። ቸርኬ ለውጦ ዳዶውን ያልለወጠ ሰው መንቀጥቀጥን ብቻ ሳይሆን አደጋንም ገዝቷል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ወደ ሚዛን ማሽኑ እንሄዳለን። ጎማ ቆሞ ሳለ ሚዛኑን የጠበቀ መስሎ ሲዞር ግን በውስጥና በውጭ ጎኑ መካከል ሊፋለስ ስለሚችል፣ ሁለቱም ጎን በማሽን ሊለካ ይገባል። ማሽኑንም ቢሆን በጭፍን አንመን። ጎማው ተመዝኖ እርሳሱ ከተለጠፈ በኋላ ከማሽኑ አላቅቀን ግማሽ ዙር አዙረን ደግመን እንሰረው። ቁጥሩ በብዙ ከተለወጠ ስሕተቱ ያለው በአስተሳሰራችን ነው። ብዙ መኪና ሦስትና አራት ጊዜ ባላንስ ተሠርቶ ያልዳነው ይህች አንዲት ደቂቃ ስለ ተቆጠበች ነው።

ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ጎማው ክብ ላይሆን ይችላል። በክሪክ አንሥተን፣ ባለ መርፌ መለኪያ አስጠግተን በእጅ ስናዞረው የዙሩ መዋዠቅ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ መጠርጠር ይገባል። ያን ጊዜ ጎማውን በቸርኬው ላይ ግማሽ ዙር አዙሮ መግጠም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ የጎማው ከፍታ ከቸርኬው ዝቅታ ጋር ይካካሳልና። ካልረዳ ጎማው ራሱ ጉድለት አለበት፤ ይህም የዋስትና ጥያቄ የሚቀርብበት ነው።

ማሽንም መለኪያም በሌለበት የገጠር ጋራዥ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። የፊት ጎማዎችን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት እናዛውር። መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ከተሻገረ ጥፋቱ ከጎማዎቹ ጋር ሄዷል ማለት ነው። ከዚያም ተጠባባቂው ጎማ እኩል መጠን ያለው ከሆነ በእያንዳንዱ ቦታ እየተፈራረቀ ቢገባ ጥፋተኛው ይለያል። ምንም ካልተለወጠ ወደ ሌላ ክፍል እንሂድ።

ፈተናው ወጥ በሆነ ፍጥነትና በለሰለሰ አስፋልት መደረግ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ለትራፊክ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ እዚያ «መንገዱ ነው» የሚለው ሰበብ ቦታ የለውም። መንቀጥቀጡ በተነሣበት ፍጥነት፣ መንገዱ ነጻ ከሆነ ሞተሩን ሳናጠፋ ማርሹን ዜሮ ላይ እናድርግ። ንዝረቱ እንዳለ ከቀጠለ ሞተሩ ነጻ ነው። በፍጹም ሞተር ማጥፋት አይገባም፤ የመሪና የፍሬን አጋዥ ኃይል አብሮ ይደክማልና።

መንቀጥቀጡ ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ዐይናችን ወደ ዲስኩ ይዙር። የዲስኩ ውፍረት በ0.02 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለያይ መሪው ሊያውቀው ይችላል። በባሕር እርጥበት ረዥም ጊዜ የቆመ መኪና በፍሬን ሸራው ሥር የዝገት ማኅተም ሊይዝ ይችላል፤ ሳይመጣጠን የጠበቀ ዳዶም ዲስኩን ያዛባዋል። ንዝረቱ በመቀመጫና በወለል የሚሰማ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ጭነት ሲለወጥ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ካርዳኑን፣ ክሮቼራውንና የመሃል ኩሽኔታውን እንመርምር፤ የኋላው ሞላ ሲረገጥ የካርዳኑ አቅጣጫ ይለወጣልና።

እንደ ላንድ ክሩዘር 70 ዓይነት ወጥ የፊት አክሰል ባላቸው መኪናዎች ላይ ሌላ ጠባይ አለ። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው በድንገት ግራና ቀኝ እየተወናጨፈ ፍጥነት እስኪቀንስ ድረስ አያቆምም። እዚህ ላይ የመሪውን አሞርቲዛቶር ለውጦ ማሰናበት ሕመምን ማደንዘዝ ነው፤ ቴስቲኒው፣ ኩሽኔታውና የአክሰሉ ማያያዣዎች በሙሉ መፈተሽ አለባቸው። በተረፈ ልል ነገር ንዝረትን ያጎላል እንጂ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አይወልደውም። ኮንቨርጀንስም እንዲሁ ነው፤ መዛባቱ መኪናውን ወደ ጎን ይስባል፣ ጎማንም ይበላል፤ በፍጥነት የሚነሣ መንቀጥቀጥን ግን ኮንቨርጀንስ ሠርቼ አጠፋለሁ ማለት የባለንብረቱን ገንዘብ ማባከን ነው።

ክቡራን ሆይ፤

ንግግሬን የማጠቃልለው በአንድ ሐሳብ ነው። በየጋራዡ የምንሞላው የሥራ ካርድ የሾፌሩን ቃል እንዳለ ይመዝግብ፤ ፍጥነቱን፣ የተሰማበትን ቦታና ሁኔታውን ይጻፍ፤ የለካነው የነፋስ መጠንና የሚዛን ቁጥር፣ የተዛወረው ጎማም ከነቀኑ ይስፈር። ይህ ወረቀት ባለንብረቱ ዋስትና ሲጠይቅ ማስረጃው፣ ሾፌሩ ሲጠየቅ መከላከያው፣ እኛም ስንጠየቅ ምስክራችን ነው። ሾፌሩ በ95 ይንቀጠቀጣል ያለውን መኪና በከተማ ውስጥ በ40 ነድቶ «ጉድለት አልተገኘበትም» ብሎ የሚፈርም ባለሙያ ግን፣ ያልመረመረውን መኪና መርምሬዋለሁ ብሎ መመስከሩ ነው። ያ መኪና ነገ ሰው ጭኖ በዚያው 95 ይነዳል። ፊርማችን ከመኪናው ጋር አብሮ እንደሚጓዝ አውቀን እንፈርም።