ሃይማኖታችን በሰኞ ቀን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



የመረጥነው አርእስት ከዕድሜያችን በላይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤቱ በር ወጥተን የምንሄድ እንደ መሆናችን መጠን ይዘነው የምንወጣው ነገር ምን እንደ ሆነ ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል። ጥያቄውም ይህ ነው። እሑድ በጉባኤ መካከል የምንመሰክረው እምነት ሰኞ ጠዋት በፈተና ክፍል፣ በገበያ፣ በቤትና በጎረቤት ደጅ ምን ይመስላል?

ሃይማኖት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን ጸሎት፣ መዝሙርና ስብከት ነው። እነዚህ መልካም ናቸው፤ ያለ እነርሱም ነፍስ ትደርቃለች። ነገር ግን ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ባስተማረ ጊዜ የተናገረው ስለ ተራበ፣ ስለ ተጠማ፣ ስለ ታረዘ፣ ስለ ታመመና ስለ ታሰረ ሰው ነው። ስለ መዝሙራችን ብዛት ያነሣው ነገር የለም።

ከእኛ የቀደሙ ሰዎች ይህን በሥራ አሳይተዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ከወገኖቹ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠ ሰው ነበር። በምጽዋ ነጻ ከወጣ በኋላ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1872ም ተጠመቀ። አስቴር ጋኖም እንደዚሁ በባርነት ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በጀልባ ስትወሰድ በ1886 ነጻ የወጣች ልጅ ናት። እነዚህ ሁለቱ በሸጡአቸው ሰዎች ላይ ቂም ይዘው ቢኖሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እነርሱ ግን ከጓደኞቻቸው ጋር ዓመታት ሙሉ ተቀምጠው የኦሮምኛን ቃል በቃል እየመረመሩ አዲስ ኪዳንን በ1893፣ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ለሕትመት አበቁ። አስቴርም ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑን እየሰበሰበች 500 ያህል ጻፈች። ለአንድ ቃል ትክክለኛ ፍቺውን እስኪያገኙ ድረስ መድከም፣ ነገም ተነሥቶ ያንኑ መቀጠል የየቀን ሥራ ነው። የእነርሱ እምነት በዚህ ሥራ ላይ ታየ።

በእኛም በደቡብ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ከ1948 ጀምሮ ሲሠራ ከጸሎት ቤቱ ጎን ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አቆመ። በ1959 የተቋቋመችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ይህን መንገድ ያዘች። በ1972፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ በውጭ አገር ላሉት አጋሮችዋ በላከችው ደብዳቤ የሰውን ሥጋና ነፍስ ለያይቶ መርዳት እንደማይገባ አስረዳች። የደብዳቤው አሳብ ለሰው ወንጌልም እንጀራም ያስፈልገዋል፤ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መከልከል ሰውን ከሁለት መክፈል ነው የሚል ነበር። ቄስ ጉዲና በኋላ ከአገር መውጣት ሲችሉ ሕዝባቸውን ትተው አልሄዱም፤ በ1979 በደርግ ዘመን ተገደሉ።

እንግዲህ ከታላላቆቹ ወደ እኛ ወደ ታናናሾቹ እንመለስ። መጀመሪያ ስለ ተማሪ እንናገር።

በ2008 ዓ.ም. የብሔራዊው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲነገር ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት ከመቶ 4 እንኳ አልሞሉም። ለዚህ ብዙ ምክንያት እንዳለ እናውቃለን፤ የመጻሕፍት ማነስ፣ የወረርሽኙ ዘመንና ጦርነቱ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ቢሆንም በኩረጃ የተገኘ ነጥብ ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ያ ዓመት ለሁሉም አሳየ።

በዚህ ነገር ወጣቶችን የሚፈትን አንድ ክርክር አለ። «ጓደኛዬን ካላስኮረጅሁ ፍቅር የለኝም ማለት ነው» ይባላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ጓደኛውን የሚወድ ተማሪ ከፈተናው ሦስት ወር በፊት አብሮት ተቀምጦ ያልገባውን ሒሳብ ያስረዳዋል። ይህ ጊዜ ይፈጃል፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል። በፈተናው ቀን ወረቀትን ገለጥ አድርጎ ማሳየት ግን ምንም አያስከፍልም፤ ለጓደኛም ምንም አይጠቅመውም። ዛሬ የኮረጀ ነገ ሐኪም ቢሆን የመድኃኒቱን መጠን ከማን ይገለብጣል? ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ቢሆንስ?

ሁለተኛው ስለ ሚዛን ነው። አገራችን የቡና አገር ናት። በለቀማ ወቅት ገበሬው ቀይ እሸቱን በጆንያ ተሸክሞ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ይመጣል። ከእኛ መካከል በዚያ ወቅት መዝገብ የሚጽፉ አሉ። ፊደል ያልቆጠረ አባት በሚዛኑ ላይ የቆመውን ቁጥር ሊያነብ አይችልም፤ የተነገረውን አምኖ ገንዘቡን ይቀበላል። በዚያች ደቂቃ በእርሱና በልጆቹ ዳቦ መካከል ያለው የጸሐፊው ሕሊና ብቻ ነው። ሁለት ኪሎ ቢጎድልበት አያውቅም። እንዲሁም ገበሬው በጆንያው ውስጥ አረንጓዴውን ከቀዩ ቢቀላቅል ገዢው በጊዜው ላያውቅ ይችላል። እግዚአብሔር ግን ሁለቱንም ያያል። የተማረ ሰው ለሚዛኑ መታመን ካልቻለ ትምህርቱ ላልተማረው ወገኑ በረከት መሆኑ ቀርቶ ወጥመድ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ስለ ቤታችን ነው። ወንድሞች ሆይ፣ ይህን ስንናገር አትቆጡን! ልጅቱ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ወጥ ሠርታ፣ ዕቃ አጥባ ከጨረሰች በኋላ በደከመ ዓይን ደብተርዋን ትገልጣለች። ወንድምዋ ግን ከቀትር ጀምሮ ሲያጠና ውሏል። ማታም አብረው ይጸልያሉ። ጸሎቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንድምየው ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ቦኖ ቢሄድ ጸሎቱ የበለጠ ያምር ነበር። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታ ነው። በእርሱ የሚያምን ወንድ ልጅ ሳህን ቢያጥብ ክብሩ አይቀንስም። እናንተም ወላጆቻችን ይህን ብታዙን ደስ ይለናል፤ እኅቶቻችን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ደስ ይላቸዋል።

አራተኛው ስለ ተቸገረ ሰው ነው። ከእኛ በስተ ደቡብ በቦረና ቆላ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ አርብቶ አደሩም ከቤቱ ተፈናቅሎ በዱብሉቅና በሌሎችም ቦታዎች በመጠለያ ተቀመጠ። የቦረና ሰው ግን ለችግር ቀን ከጥንት የቆየ ሥርዓት አለው። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ከብት አዋጥቶ እንደ ገና ያቋቁመዋል፤ ይህም ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውሃውን ይቀባበላሉ፤ ተራውንም የሚያስጠብቅ አባ ሄረጋ የሚባል አለ። ይህ ሥርዓት በአገራችን አንድም የሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳይከፈት የነበረ ነው። እንግዲህ ክርስቲያን ነኝ፣ ተምሬአለሁም የሚል ሰው ከዚህ ቢያንስ ያሳፍራል። ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሆነው ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ሲባል በልጅነታችን ሰምተናልና።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ስለ ጎረቤት ነው። ይህን ለመናገር አፋችን ከብዶአል፤ ዝም ብንል ግን የተናገርነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በ2010 ዓ.ም. በጉጂና በጌዴኦ ወንድማማቾች መካከል በተነሣው ግጭት በምዕራብ ጉጂና በጌዴኦ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ሰዎች በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት ወለል ላይ ተኙ። እኛ በዚያ ጊዜ ልጆች ነበርን። አሁን አድገን የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። በሁለቱም ወገን የክርስቶስን ስም የሚጠሩ ብዙዎች ነበሩ፤ በአንድ ገበያ ይገበያዩ፣ ይጋቡ፣ ቡና ይጠራሩ ነበር። ታዲያ በዚያ ቀን እምነቱ የት ሄደ?

ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የሚሰጡ ታላላቆቻችን ናቸው። እኛ የተረዳነው ጥቂት ነገር ነው። ሰው በክፉ ቀን አዲስ እምነት አያገኝም፤ በደኅናው ቀን ያካበተውን ብቻ ያወጣል። ስለ ሌላው ጎሣ በየዕለቱ የንቀት ቀልድ ሲሰማ ሲስቅ የኖረ ሰው በጭንቁ ቀን ልቡ ደንድኖ ይገኛል። የጎረቤቱን ልጅ በስሙ የሚጠራ፣ ሐዘኑን ያለቀሰ፣ በቋንቋው ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ግን በዚያ ቀን በሩን ሊከፍት ይችላል። የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሁላችንም ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በመንገድ ወድቆ ለተገኘው ሰው የደረሰለት ከሚናቀው ወገን የመጣው ሰው ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን ጎሣህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀውም።

ቀድሞ ሀገረ ማርያም ትባል በነበረችው በከተማችን በቡሌ ሆራ ጉጂው፣ ቦረናው፣ ጌዴኦው፣ ቡርጂው፣ አማራውና ጉራጌው አብሮ ይኖራል። በዚህ አዳራሽም የተቀመጣችሁት ወላጆች ኦርቶዶክስ፣ ወንጌላውያንና ሙስሊሞች ናችሁ፤ ልጆቻችሁም በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ይህ ዴስክ ትልቅ ሀብት ነው። ከሰባኪው ይልቅ ብዙ ሊያስተምረን ይችላል፤ እኛ ከፈቀድን።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን፣ ከእኛ በኋላ በዚህ ግቢ የምትቀሩት እናንተ ናችሁ። ትልቅ ነገር እስክታደርጉ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት አንድ ያልገባውን አስረዱ፤ አንድ ጀሪካን አንሡ፤ አንድ የንቀት ቀልድ ሲነገር አትሳቁ። እኛም በጥቂት ወራት ውስጥ ለብሔራዊው ፈተና እንቀመጣለን። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰብስበን የተስማማነው፣ ያገኘነው ነጥብ ትንሽም ቢሆን ትልቅ የራሳችን እንዲሆን ነው። ወላጆቻችን ሆይ፣ ከመካከላችን ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ የሚመለስ ቢኖር በዚህ ቃሉ አስታውሱትና በደስታ ተቀበሉት።

መምህራኖቻችን ስለ ድካማችሁ፣ ወላጆቻችን ስለ ላባችሁ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈላችሁ። አገራችንንም በሰላም ይጠብቅልን።