ከሳህኑ በታች ያለው ሐይቅ፦ በዩኒቨርሲቲ በር አጠገብ ስላለ አንድ ዓሣ ቤት



ስለ ጣና ዓሣዎች እንድናገር ስትጋብዙኝ ብዙዎቻችሁ ሠንጠረዥና ግራፍ ይዤ እንደምመጣ ሳትጠብቁ አትቀሩም። እኔ ግን ከአንድ ምሳ መጀመርን መረጥሁ። በባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲ በር ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ረጃጅም የእንጨት ወንበሮች ያሉት አንድ ዓሣ ቤት አለ። እርሱን የመሰሉ ብዙ ናቸውና ስሙን አልጠራም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የባጃጅ ሹፌሩና የቀን ሠራተኛው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይበሉበታል። የምግቡ ዝርዝር ግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፏል፦ ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ጉላሽ፣ ዓሣ ኮተሌት፣ ዓሣ ዱለት። የአዘገጃጀቱ ስም አራት ነው፤ የሚዘጋጀው ነገር ስም ግን አንድ ብቻ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ አንድ ስም ነው። «ዓሣ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ሳላይ በልቻለሁ።

ያደግሁት በአዴት ነው። አዴት ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ርቀቱ ትንሽ ነው፤ በማዕድ በኩል ግን ሐይቁ ለእኛ ሌላ አገር ነበር። እኛ የጤፍና የድንች አገር ልጆች ነን። በጾም ሽሮና ክክ፣ በፍስክ የተገኘውን እንበላለን። ዓሣ በቤታችን አልተበላም፤ አምባዛማ ጭራሽ ስሙም በበጎ አይነሣም ነበር። ቅርፊት የሌለውንና ክንፍ የሌለውን የውኃ ፍጥረት አትብሉ የሚለውን የኦሪት ሕግ እናቴ በቃሏ ታውቀው ነበርና «ከእባብ በምን ይለያል?» ትል ነበር።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የደብረ ታቦር ልጅ የሆነ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ እጄን ይዞ ወደዚያ ዓሣ ቤት ወሰደኝ። በእንጀራ ላይ ድፍን የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ፤ ሎሚና አዋዜ አብሮ ነበር፤ ከጎኑ ደግሞ ጥቂት የድንች ጥብስ። ድንቹን ሳይ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ዓሣውን ግን ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ጓደኛዬ ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየ አጎረሰኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ያንን ቤት አልተለየሁትም፤ መምህር ሆኜም ቀጠልሁ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «ይህ የትኛው ዓሣ ነው?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

ጥያቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ላስረዳ። ከጣና ወደ ሳህናችን የሚመጡት ዓሣዎች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ቀረሶ ነው፤ በሐዋሳና በዝዋይም የሚበላው እርሱ ነው። ሁለተኛው አምባዛ ነው፤ በብዙ የአፍሪካ ውኃዎች ይገኛል። ሦስተኛው ዓሣ አጥማጆች በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚሉት ነው፤ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ ይባላል። ቀረሶና አምባዛ ከጣና ቢጠፉ ሌላ ቦታ ይገኛሉ። የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ግን ከአንዱ ወይም ከሁለቱ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም።

ምክንያቱ የሐይቁ አፈጣጠር ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ ከ15 ሜትር አያልፍም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ በጢስ ዓባይ ገደል 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ከገደሉ በታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በዚህ በተዘጋ ውኃ ውስጥ የነበረ አንድ የዓሣ ወገን በዘመናት ብዛት ወደ ብዙ ዝርያ ተከፋፈለ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተው ታወቁ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚበሉ ናቸው። ይህ ለሥነ ሕይወት ተማሪ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ነጭ ዓሣ ከካርፕ ቤተሰብ ነውና፤ የዚህ ቤተሰብ ዓሣዎች ደግሞ በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም። ጥርስ የሌለው ፍጥረት አዳኝ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የመሰለ የካርፕ ወገን የዝርያ ስብስብ የነበረው ሌላ ሐይቅ በፊሊፒንስ የሚገኘው ላናዎ ነው። ከውጭ የገቡ ዓሣዎችና ከመጠን ያለፈ ማጥመድ ተባብረው አጠፉት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 የላናዎ ዝርያዎች ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። ስለዚህ ተማሪዎቼ በዓሣ ቤቱ ተቀምጠው የሚጎርሱት ነጭ ዓሣ በዓለም ላይ ለብቻው የቀረ ቤተሰብ አባል ነው። በግድግዳው ላይ የተጻፈለት ስም ግን «ዓሣ» ብቻ ነው።

አሁን ወደ መረቡ እንሂድ። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ ላይ ኖሯል፤ የታንኳው ማጥመድ ከዳርቻው ብዙ የማይርቅ፣ ለዕለት ጉርስ የሚበቃ ነበር። በ1986 እ.ኤ.አ. በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ ተጀመረ። ገበያው ሰፋ፤ የደረቀ ዓሣም በመተማ በኩል ወደ ሱዳን መሄድ ጀመረ። በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣ ምርት በክብደት ሲለካ በሦስት አራተኛ ያህል ማሽቆልቆሉን ጥናቶች አሳይተዋል።

ለምን ነጭ ዓሣ ከሌሎቹ ይልቅ ተጎዳ? አብዛኞቹ ዝርያዎች በክረምት፣ በተለይም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃ የሚፈስበትን ጠጠራማ ቦታ ነው። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። መረብ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። በየገባሩ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። በዓመቱ ለመውለድ የወጣው ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ሲያልፍ በሩ ላይ ቆሞ መያዝ ቀላል ነው፤ የሚያዘው ግን የዘንድሮው ዓሣ ብቻ ሳይሆን የመጪዎቹ ዓመታትም ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎች አስተምር ነበር። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። በአንድ ክረምት፣ በፍልሰታ ሳምንት፣ ለክረምት ተማሪዎች ስለ ነጭ ዓሣ ጉዞ ጠዋት አስተምሬ ስጨርስ ከእነርሱ ጥቂቶቹን ይዤ ለምሳ ወደዚያው ቤት ሄድሁ። ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም የሚለው ክርክር በመካከላችን ተነሣ፤ እንደ ሁልጊዜውም ሳይቋጭ ቀረ፤ የበላም ነበር፣ ሽሮ ያዘዘም ነበር። እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስዞር ሴትዮዋ ዓሣ ሲያጸዱ አገኘኋቸው። ከጎናቸው ያለው ሳፋ በቢጫ ዕንቁላል ተሞልቷል።

«እትዬ፣ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ዕንቁላሉ ነው፣ መምህር። በዚህ ወር የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ሆዱ ሙሉ ነው። ሥጋውም የሚጥመው አሁን ነው» አሉኝ።

ጠዋት በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልሁት ሥዕል በሳፋው ውስጥ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዱ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ ሳፋውን አየ፣ ቀጥሎም እኔን አየ፤ ምንም አላለም። ተመልሼ ተቀመጥሁ፤ ያዘዝሁትንም በላሁ። ስለ ዕውቀትና ስለ ምግባር ርቀት ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚያ ምሳ የበለጠ ያስተማረኝ ግን የለም።

በኋላ ነገሩን ሳሰላስለው አንድ ያላስተዋልሁት ነገር ታየኝ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። ዓሣን በጾም ለሚበላው የከተማ ሰው ይህ የገበያ ወቅት ነው። ለነጭ ዓሣ ደግሞ ወደ ወንዝ የሚወጣበት ወቅት ነው። ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎች፣ የሰውና የዓሣ፣ በአንድ ሳምንት ላይ ይገናኛሉ። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻም፤ ሴትዮዋ ከእኔ ቀድመው ያውቁት ነበር።

እንግዲህ ጥፋተኛው ማን ነው? ወደ ሴትዮዋ ጣት መቀሰር ቀላል ነው፤ ነገር ግን እርሳቸው የመጣላቸውን ይጠብሳሉ እንጂ መረብ አይጥሉም። ወደ ዓሣ አጥማጁ እንዳንዞር የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት፤ መሬትም የለው ይሆናል። እኛ የደጋው ሰዎችስ? ግልገል ዓባይ የሚነሣው ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ነው። ከምዕራብ ጎጃም ማሳዎች ታጥቦ የሚወርደው አፈር ዕንቁላል የሚጣልበትን ጠጠር ይሸፍናል። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው፤ ለገበሬው በረከት ነው፤ ወደ ላይ ለሚጓዝ ዓሣ ግን የተዘጋ በር ነው። የአዴት ድንችና የጣና ዓሣ በአንድ ሳህን መገናኘታቸውን በልጅነቴ እንደ ቀልድ አይቼው ነበር፤ ለካ የማሳውና የሐይቁ ዕጣ ድሮውንም የተሳሰረ ኖሯል።

ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። ሕግ ግን ስም ያለውን ነገር ነው የሚጠብቀው። በገበያ ላይ ስሙ የማይጠራ ፍጥረት በሕግም በኅሊናም ፊት ለመቆም ይቸገራል።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ ላምጣ። በእንግሊዝ ከ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች ተስፋፉ፤ በባቡርና በእንፋሎት መርከብ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛው ርካሽ ምግብ ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ምግብ በራሽን ሲታደል ዓሣና ድንች ከራሽን ውጭ ቀርቷል። ወደዚያ ቤት የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ «ዓሣ» ብቻ ብሎ አያዝም፤ «ኮድ» ወይም «ሃዶክ» ይላል። ስም መጥራት ብቻውን ኮድን አላዳነውም፤ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የኮድ ማጥመድ በ1992 እ.ኤ.አ. እስከ መታገድ ደርሷል። ነገር ግን ኮድ ሲመናመን ተራው በላተኛ ምን እንደ ጎደለው በስሙ ያውቅ ነበር፤ ክርክሩም ከምሁራን አዳራሽ ወጥቶ እስከ ማዕዱ ደረሰ። በእኛ ዘንድ ነጭ ዓሣ ቀርቶ ቀረሶ ሲተካ በላተኛው ለውጡን አላወቀም፤ ሁለቱም «ዓሣ ጥብስ» ናቸውና።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ዓሣ አትብሉ አልልም፤ እኔም አልተውሁም። በዩኒቨርሲቲያችን ዙሪያ ባሉ ዓሣ ቤቶች ስንቀመጥ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። የትኛው ዓሣ ነው? የተያዘው ከሐይቁ ነው ወይስ ከወንዝ አፍ? ወሩስ ማን ነው? ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ቢቀርብልን ቀረሶ እንለምን። የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤቶችና የምረቃ ድግሶቻችን ዓሣ ሲገዙ ይህንኑ በውላቸው ያስገቡ። የሥነ ሕይወት ተማሪዎች ደግሞ ለአንድ ዓመት በየዓሣ ቤቱ የሚቀርበውን በየዝርያው ቢመዘግቡ ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል፤ ሳፋው ውስጥ ያለውን ለማየት ከጓሮ የራቀ የመስክ ጉዞ አያስፈልግም።

ባለፈው ክረምት ወደዚያ ቤት ሄጄ እንደ ልማዴ ተቀመጥሁ። ሴትዮዋ አዩኝና ገና ሳልጠይቅ «መምህር፣ ዛሬ ቀረሶ አለ፤ ነጩም አለ፤ ነጩ ግን ሆዱ ሙሉ ነው» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ አልተለወጠም። በእርሳቸው አፍ ግን ዓሣው ሁለት ስም አግኝቷል። እኔም ቀረሶ አዘዝሁ።