አንድ ዓሣ፣ ሁለት ገበያ
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ሐዋሳን የጎበኘ ሰው አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። ጠዋት ጀልባዎች ሲደርሱ ቆሮሶው ከአምባዛው ይለያል፣ ቢላዋ ይሳላል። አባ ኮዳዎቹም ድርሻቸውን ለመቀበል ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። መዋጮ ሳይከፍሉ ትርፍ የሚካፈሉት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ንግድን ማስፋፋት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ምርት መጨመር ነው። ለዓሣ አስጋሪው ይህ አንድ ተጨማሪ መረብ ማለት ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ግን 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ውሃው በወንዝ የማይወጣ ሐይቅ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ገና ያልተራባውን ቆሮሶ ጭምር ጠርጎ ያወጣል፤ የዛሬው ትርፍ ከከርሞው ዓሣ ላይ የተወሰደ ብድር ይሆናል። ሀብቱን ለመጠበቅ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። ሆኖም አዋጅ ሌሊት ሐይቁ ላይ አያድርም።

ሁለተኛው መንገድ ከዚያው ዓሣ የሚገኘውን ገቢ ማሳደግ ነው። ቆሮሶ ሲበለት ንጹሕ ሥጋው ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ጭንቅላቱና አጥንቱ ሾርባ እንደሚሆን የአሞራ ገደል ሻጮች ከማንም በፊት ያውቁታል። ትልቁ ኪሳራ ግን ጥድፊያው ነው። ዓሣ እንደ በቆሎ ጎተራ አይገባም፤ ፀሐይ ሲበረታ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። በረዶ ያለው አስጋሪ እስከ ከሰዓት መጠበቅ ይችላል። በጾም ወቅት ፍላጎት እንደሚጨምር የታወቀ ስለሆነ፣ ከሆቴሎች ጋር ውል መነጋገር የሚገባውም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ለወተትና ለቲማቲም አምራች አባላት ነገሩ እንግዳ አይደለም።

የቡና ገበሬዎች ይህን ቀድመው አይተውታል። በ1993 የተቋቋመው የሲዳማ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባል ማኅበራቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ አቅርቧል። ማሳው ባይሰፋም፣ በገበሬውና በገዢው መካከል ያለው እጅ አነሰ።

ታዲያ ለበረዶው፣ ለማቀዝቀዣው ገንዘብ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚከረው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀነስ ደንግጎ ነበር፤ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ቀሪውን ግን አባላት ሁሉንም እንካፈል ሲሉ ይሰማል። የልጅ ትምህርት ቤት ወጪና የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት አባል ይህን ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁሉም ከተበላ፣ በሚቀጥለው ዓመትም ወተቱ ሳይበላሽ በገዢው ዋጋ መሸጡ አይቀርም።

ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የትርፍ ክፍፍል አጀንዳ ሲቀርብ፣ የወተት ማቀዝቀዣ ዋጋም ከነማጓጓዣውና ከነመብራት ወጪው ተጠንቶ አብሮ ለአባላት ይቅረብ።