የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ማዕድና የእኛ መዝገብ

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ለዛሬ ጉባኤዎች ምን ታስተምራለች በሚል ርዕስ እንድንናገር ሲጠይቀን ትንሽ አመንትተን ነበር። እዚህ ናይሮቢ ያለን የአገር ልጆች ሁላችን የአንድ ቤተ እምነት ሰዎች አይደለንም። እሑድ ጠዋት አንዱ ወደ ቅዳሴ፣ ሌላው ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ ሙስሊም ወንድሞችና እህቶቻችን ደግሞ ለእድሩ ስብሰባ ብዙ ጊዜ ከሁላችን ቀድመው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የምንናገረው ስለ ማዕድና ስለ ቀብር፣ ስለ ባልቴትና ስለ እንግዳ በመሆኑ ማንንም አያገልም ብለን ተቀበልነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ሲወሳ ሁላችንም ቶሎ የሚታወሰን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ሁለትና አራት የተጻፈው ነው። ንብረታቸውን እየሸጡ ለተቸገረው ያካፍሉ፣ በአንድ ልብ ሆነውም ይጸልዩ ነበር። ይህን እያነሣን የዛሬውን ጉባኤ መውቀስ ልማዳችን ሆኗል። ጥቂት ገጾች ገለጥ ስናደርግ ግን በምዕራፍ ስድስት ያው ማኅበር ሲያጉረመርም እናገኘዋለን። እኛ እንደሚመስለን ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በኢየሩሳሌም ከነበሩት አማኞች ከፊሎቹ የአገሩን ቋንቋ የሚናገሩ የአገሬው ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ግን ከየስደት አገሩ የተመለሱ፣ አፋቸውን በግሪክኛ የፈቱ አይሁድ ነበሩ። ብዙ የመጽሐፍ ተንታኞች እንደሚገምቱት ከተመላሾቹ መካከል በስተርጅና በቅድስት ከተማ አርፈው ለመቀበር የመጡ ነበሩባቸው። ባል ሲሞት እንግዲህ ባልቴቲቱ ዘመድ በሌለበት ከተማ ብቻዋን ትቀራለች። በየዕለቱ ምግብ ሲታደል የእነዚህ ባልቴቶች ድርሻ ይዘለል ጀመር። መጽሐፉ በክፋት ነው አይልም። ምናልባት አዳዮቹ የሚያውቁት የየሰፈራቸውን ሰው ብቻ ስለነበረ ይሆናል። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ሐዋርያት በሕይወት እያሉ፣ እዚያው ከተማ ውስጥ እያሉ ነው።

አሥራ ሁለቱ ማጉረምረሙን የሐሜተኛ ወሬ ነው ብለው አላለፉትም። አቤቱታ ያቀረቡትንም ለይተው አልገሠጹም። ሕዝቡን ሁሉ ጠርተው የጸሎቱና የትምህርቱ ሥራ እንዳይበደል በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ምርጫውንም ለራሱ ለሕዝቡ ተዉለት። የተመረጡት እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ናቸው። ስሞቹ በሙሉ የግሪክ ስሞች ናቸው። እርግጥ የግሪክ ስም ያለው ሁሉ ግሪክኛ ተናጋሪ ነው ማለት አይደለም፤ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት እንድርያስና ፊልጶስም የግሪክ ስም ነበራቸው። ሰባቱም ሲሆኑ ግን አጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል። ኒቆላዎስ እንዲያውም በትውልዱ አይሁዳዊ ያልነበረ፣ ወደ ይሁዲነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነበር። ይኸውም በእኛ አነጋገር፣ የጎተራውን ቁልፍ ለተዘለሉት ወገኖች ሰጧቸው ማለት ነው።

ከእነዚህ ሰባት አንዱ ፊልጶስ ለእኛ የተለየ ሰው ነው። ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ላይ የህንደኬን የገንዘብ ሹም፣ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው እሱ ነው። (የህንደኬ ግዛት ዛሬ ሱዳን ውስጥ ያለችው መርዌ ናት የሚሉ የታሪክ ሊቃውንት አሉ፤ አባቶቻችን ደግሞ የእኛ ነው ይላሉ። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ዛሬ በመካከላችን ስላሉ ክርክሩን ለቡናው ሰዓት እናቆየው።) ለማዕድ አገልግሎት የተመረጠው ሰው ነው ያንን መንገድ የሄደው።

ሌሎቹም ጉባኤዎች ከችግር ነጻ አልነበሩም። በቆሮንቶስ ባለጸጎቹ ቀድመው መጥተው ይበሉና ይጠጡ ነበር፤ የሌላቸው ተርበው ይቀመጣሉ። ጳውሎስ በ55 እ.ኤ.አ. አካባቢ በጻፈላቸው መልእክት ይህን አጥብቆ ነቀፈ፣ እርስ በርሳችሁ ተጠባበቁ ብሎም አዘዘ። ባሪያና የቀን ሠራተኛ እንደ ጌታው በፈለገው ሰዓት ከሥራ ሊወጣ አይችልም። እኛም ጠቅላላ ጉባኤያችንን የምንጠራበትን ሰዓት ስናስብ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ከመካከላችን የማይታዩት ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን።

በ1873 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ የተገኘው ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ስለ መንገደኛ ግልጽ ደንብ አለው። የሚመጣውን ተቀበሉት፤ አላፊ ከሆነ ሁለት ቢበዛ ሦስት ቀን ይቆይ፤ ሊቀመጥ ከፈለገና ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ፤ ሙያ ከሌለው ግን ሥራ ፈትቶ እንዳይኖር እናንተው መላ ፈልጉለት ይላል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች በመንገደኛ የተታለሉ ሰዎች እንደሆኑ ያስታውቃል። ይሁንና በሩን አልዘጉትም።

ገንዘቡም የተደራጀ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ155 እ.ኤ.አ. ገደማ ሮም ሆኖ እንደጻፈው፣ በየእሑዱ የሚሰበሰበው ስጦታ በጉባኤው መሪ እጅ ተቀምጦ ለወላጅ አልባ ልጆችና ለባልቴቶች፣ ለሕመምተኞች፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውል ነበር። ተርቱሊያን ደግሞ በ197 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ ዛሬ ቱኒዝያ ውስጥ በምትገኘው ካርቴጅ ስለነበረው ወርኃዊ መዋጮ ይነግረናል። የእኛን እድር ይመስላል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱና እንደ አቅሙ መስጠቱ ነው። ከገንዘቡም ድሆች ይቀበሩበት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ለባለሥልጣናት የመከላከያ ጽሑፍ የሚጽፉ ስለነበሩ ቤታቸውን አሳምረው ማቅረባቸው አይቀርም። በ251 እ.ኤ.አ. የሮም ጳጳስ የነበረው ቆርኔሌዎስ ግን በሌላ ክርክር መካከል ቁጥር ጥሎልን አልፏል። በዚያች ከተማ 46 ቀሳውስትና 7 ዲያቆናት ሲኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሚረዱት ባልቴቶችና ችግረኞች ከ1,500 በላይ ነበሩ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ዲያቆናቱ ሰባት መሆናቸውን አስተውላችኋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሞያሌ በኩል የገባ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ያሰበ አንድ ወጣት ኢስሊ ውስጥ በኪራይ ክፍል ታሞ አረፈ። ወሬው ሲደርሰን መዝገብ ገለጥን፤ ስሙ የለም። መተዳደሪያ ደንባችን ያልተመዘገበና ያልከፈለ ሰው የቀብር ወጪ እንደማይሸፈን ይናገራል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ከአንዴም ሁለቴ ካዝናችን ባዶ ቀርቶ የከፋዩን አባል ለቅሶ በብድር የተወጣንበት ጊዜ ነበር። እናም ሁለት ምሽት ተከራከርን። በሁለተኛው ምሽት ስንወጣ፣ አብረውት በአንድ ግቢ የተከራዩት ኬንያውያን ሃራምቤ ጠርተው ለሬሳ ሣጥኑ ገንዘብ ማዋጣት እንደጀመሩ ሰማን። በመጨረሻ ከፍለን ቀበርነው። ክርክሩን ግን ከመካከላችን የረሳው ያለ አይመስለንም።

ያን ጊዜ የጎደለን ገንዘብ አልነበረም። ያንን ግቢ የሚያውቅ ሰው በኮሚቴያችን ውስጥ አንድም አልነበረም። ሁላችንም ከሃያ ዓመት በፊት የመጣን፣ እርስ በርሳችን በልጆቻችን ስም የምንጠራራ ሰዎች ነን። ልክ እንደ ኢየሩሳሌም አዳዮች የምናየው የምናውቀውን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የችግረኞች መርጃ ንዑስ ኮሚቴ ሰባት አባላት ይኑሩት፤ ከሰባቱ አራቱ ባለፉት አምስት ዓመታት ከመጡት፣ መዋጮ መክፈል ካልቻሉትም ቢሆን ይመረጡ፤ የችግረኞችን ስም ዝርዝር የሚይዙትም እነሱ ይሁኑ። አንዳንድ አባቶች የማናውቀውን ሰው እንዴት ገንዘብ እናስጨብጣለን ብለውናል። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ሐዋርያትም ቢሆኑ የተመሰከረላቸው ሰዎች ይመረጡ አሉ እንጂ ያገኛችሁትን ሹሙ አላሉም። ምስክርነቱ ግን ከሚያውቋቸው ሰዎች ነው የሚገኘው፤ የሚያውቋቸው ደግሞ ሞያሌን አብረዋቸው የተሻገሩት ናቸው። ሂሳቡ እንደ ቀድሞው በገንዘብ ያዥና በኦዲተር ይታያል።

የዕጩዎች መጠቆሚያ ወረቀት መውጫው በር አጠገብ፣ ቡናው በሚፈላበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አማርኛ መጻፍ ለሚከብደው በኦሮምኛ፣ በትግርኛ ወይም በስዋሂሊ ሲነግራቸው የሚጽፉለት ሁለት ልጆቻችን እዚያው ተቀምጠዋል። ወረቀቱ እስከ ጠቅላላ ጉባኤው ቀን ክፍት ነው።