ለሞታችን መዝገብ አለን፤ ለጤናችንስ?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሒሳብ ሥራ ነው፤ በዚህ ዕድርም ጸሐፊ ሆኜ የከፈለውንና ያልከፈለውን ስመዘግብ ኖሬአለሁ። ስለሆነም ዛሬ የማወራችሁ ስለ መዝገብ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የዕድራችን አባል የነበረ የቅርብ ወዳጄ በድንገት ወድቆ ሦስት ቀን ሳይሞላው ዐረፈ። ይህ ሰው የደም ግፊት እንዳለበት ተነግሮት መድኃኒት ጀምሮ ነበር። ጥቂት ወራት ከወሰደ በኋላ ግን «ምን ያመኛል? ይኸው ደህና ነኝ አይደል እንዴ!» ብሎ ተወው። ያን ዕለት አጠገቡ ተቀምጬ ቡና እጠጣ ነበር። «እውነትክን ነው፣ መድኃኒት ሲበዛ ምን ይጠቅማል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ለባለቤቱ የሚሰጠውን ገንዘብ ልጽፍ መዝገቡን ገለጥኩ። ወዳጄ አንድ ወር እንኳ ሳያዛንፍ መዋጮውን ከፍሏል። ለሞቱ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ለጤናው ግን አንዲት ቁጥር አልያዘም። እኔስ ብሆን ምን ይዤአለሁ? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አምስት ደቂቃ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ካደረገችኝ በኋላ ለካችኝ፤ 168 በ102 ሆነ። በሌላ ቀን ደግማ ብትለካኝም ብዙ አልተለየም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከተገኘ የደም ግፊት ይባላል። እኔ ግን ራሴን እንኳ አላመመኝም ነበር። የዚህ በሽታ ተንኮሉ ይኸው ነው፤ ሳያሳምም ነው የሚጎዳው።

መድኃኒት ታዘዘልኝ። ወደ ቤቴ ስመለስም አንድ ደብተር ገዝቼ በአራት አምድ አሰመርኩት። በመጀመሪያው አምድ በቀን ስንት ደቂቃ እንደተራመድኩ፣ በሁለተኛው በወር አንድ ጊዜ የወገቤን ዙሪያ፣ በሦስተኛው የደም ግፊቴን፣ በአራተኛው ደግሞ ቤታችን የሚፈጀውን ጨውና ስኳር እጽፋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁና መጀመሪያ ሰሞን መዝገቡን አጭበርብሬአለሁ። የዕድሩን አንዲት ሳንቲም ያላጎደልኩ ሰው፣ አሥር ደቂቃ ሄጄ ሠላሳ ብዬ እጽፍ ነበር። ያጋለጠችኝ ባለቤቴ ናት። «እንዴ ሰውዬ! ሽሮው እኮ ገና ሳይፈላ ነው የተመለስከው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ኦዲተሬ እርሷ ሆነች።

ወደ ምግቡ ልመለስ። እንጀራውንም ሽሮውንም አልተውንም፤ ጤፍ፣ ምስርና ጎመን የሚወደዱ እንጂ የሚጠሉ ምግቦች አይደሉም። ያደረግነው ሒሳብ መሥራት ነው። እኛ ቤት አራት ነን። በወር አንድ ኪሎ ጨው እንጨርስ ነበር። ይህም ለሠላሳ ቀንና ለአራት ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን ከ8 ግራም በላይ ይመጣል፤ በዳቦውና ከውጭ በምንበላው ያለው ሳይቆጠር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ስኳሩም በወር ስድስት ኪሎ ነበርና ለአንድ ሰው በቀን 50 ግራም፣ ማለት አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ደረሰ። ለስላሳ ሲጨመርበት ከልኩ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጨው ለሁለት ወር እንዲበቃ፣ ስኳሩም በግማሽ እንዲቀንስ ተስማማን። የሽሮው ዱቄት ጨው ገብቶበት የተፈጨ ስለነበር በወጡ ላይ መጨመሩን ተውን። የሚረጋውን ዘይትና ቂቤውንም ቀነስን። የመጀመሪያው ወር ምግቡ ሁሉ አልጫ ሆኖብን ነበር፤ ምላስ ግን ይለምዳል።

ስለ እርምጃም አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን ስልካቸውን እያዩ «አሥር ሺህ እርምጃ አልሞላሁም» ሲሉ ትሰማላችሁ። አበበ ቢቂላ በቶኪዮ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶን ባሸነፈ በዓመቱ፣ እዚያው ጃፓን ውስጥ እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ «የአሥር ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ» በሚል ስም ለገበያ ወጣ። ቁጥሩ ለገበያ ስም እንዲያምር የተመረጠ ነው እንጂ ሐኪም ያዘዘው ልክ አልነበረም። እንግዲህ አሥር ሺህ አልሞላም ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መሄድ ነው። ልኩም እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው።

ውጤቱን ልንገራችሁ። በዓመቱ ወገቤ ከ106 ሳንቲ ሜትር ወደ 97 ወረደ፤ ግፊቴም 132 በ84 ሆነ። መድኃኒቱን ግን አልተውኩም፤ ቁጥሩ የወረደው በመድኃኒቱም በእርምጃውም በምግቡም ነው። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ ባይበልጥ መልካም ነው ስለሚባልና ቁመቴ 172 ስለሆነ፣ ገና አሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ዕዳ አለብኝ። የስኳር ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ከጾምም ሆነ ምግብ ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

አሁን ለጉባዔው ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ዕድራችን በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ የግፊት መለኪያ ይግዛ፤ በየወሩ መዋጮ ልንከፍል ስንመጣ ከመካከላችን ያሉት የጤና ባለሙያዎች እየለኩን ቁጥሩን በየደብተራችን ይጻፉልን። ሁለተኛ፣ በለቅሶ ቤት ለስላሳው ቀርቶ ውኃ ይቅረብ፤ እዝን የምታመጡም ጨውና ዘይቱን ቀነስ አድርጉ። «በሞቴ ብላልኝ» እያልን የታመመን ሰው አናስጨንቅ።

ይህ ሁሉ ወዳጄን አይመልስልኝም። ነገር ግን ከእንግዲህ ማንም አጠገቤ ተቀምጦ «ደህና ነኝ፣ መድኃኒቱን ትቼዋለሁ» ቢለኝ ዝም አልልም፤ እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። እናንተም እንዲሁ እንድታደርጉ አደራ እላችኋለሁ። ዕድራችን በክብር ሊቀብረን መዘጋጀቱ መልካም ነው፤ ግን አይቸኩል።