በልማድና በመልመድ መካከል፤ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ለእስፓኝኛ ተናጋሪዎች



መሐንዲስ ስለ ሰዋስው ሊናገር መነሣቱ ከሙያው የወጣ ሊመስል ይችላል። ለዚህ ያበቃኝ ግን አንድ የተቃጠለ ኩሽኔታ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የውሃ ጣቢያ የሌሊቱን ተራ የተረከብሁት ከአንድ እስፓኝኛ ተናጋሪ ባልደረባዬ ነበር። ስለ ሁለተኛው ፓምፕ በእንግሊዝኛ የመዘገበውን ሳነብ፣ «ቀድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁን ትቷል» የሚል ሆኖ አገኘሁትና ሳልመረምረው አለፍሁ። እርሱ ሊል የፈለገው ግን «መንቀጥቀጥ ያዘወትራል» ነበር። ሳይነጋ ኩሽኔታው ተቃጥሎ ፓምፑ ቆመ።

ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። እስፓኝኛ «ሶሌር» የሚባል ግስ አለው፤ ትርጉሙም እንደ እኛው «ማዘውተር» ነው። ለአሁን ጊዜ «ስዌሎ»፣ ላለፈው «ሶሊያ» እየተባለ ይረባል። የእንግሊዝኛው «ዩስት ቱ» ግን የሚያገለግለው ላለፈ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜም ነገሩ እንደ ቀረ ያመለክታል። ባልደረባዬ ከዚሁ ቃል የመጨረሻዋን ፊደል ቀንሶ የአሁን ጊዜ ሊያወጣለት ሞከረ። በንግግር ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ ልዩነቱን በጆሮው ሊያገኘው አይችልም ነበር። እኔም የፊደሏን መጕደል አይቼ የአጻጻፍ ግድፈት አድርጌ ቈጠርሁት። የአሁኑን ልማድ ለመግለጽ የሚበቃው ተራው የአሁን ጊዜ ግስ ነው፤ ካስፈለገም «ዩዡዋሊ» የሚለው ተውሳከ ግስ ይጨመርበታል።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነገር መልመድ ነው። እኛ «ለመድሁ» ስንል ሂደቱን፣ «ለምጃለሁ» ስንል የደረስንበትን ሁኔታ እንለያለን። እንግሊዝኛም ሂደቱን «ጌት ዩስት ቱ»፣ ሁኔታውን «ቢ ዩስት ቱ» ይላል። እስፓኝኛም ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በእስፓኝኛ ከመስተዋድድ ቀጥሎ የሚገባው ግስ ንኡስ አንቀጽ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን እዚህ ላይ «ቱ» መስተዋድድ ስለሆነ፣ ተከታዩ ግስ በ«ኢንግ» መጨረስ አለበት። ስለዚህ የሌሊት ሥራ የለመደ ሰው «አይ አም ዩስት ቱ ወርኪንግ አት ናይት» ማለት ሲገባው፣ በቋንቋው ልማድ ተስቦ «ወርክ» ይላል።

በዚህ ላይ ሦስተኛ መልክ ይጨመራል። «ይህ ቫልቭ መስመሩን ለመዝጋት ያገለግላል» ለማለት «ኢዝ ዩዝድ ቱ ክሎዝ» ይባላል። እዚህ ላይ ድምፁ «ዝ» ነው፤ በልማዱ ግን «ስ» ነው። በጽሑፍ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ አንባቢው የሚለያቸው በዙሪያቸው ካሉት ቃላት ነው።

እኛም ብንሆን ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደለንም። «ይንቀጠቀጥ ነበር» የሚለው አማርኛ የአንድ ጊዜን ድርጊት ይሁን የዘወትርን፣ ብቻውን አይነግረንም፤ የእስፓኝኛውም ያልተፈጸመ ያለፈ ጊዜ እንዲሁ ነው። ስለሆነም በሥራ መዝገብ ላይ «ያዘወትራል» ከማለት ይልቅ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ እንደ ታየ ቢጻፍ ይሻላል።

ባልደረባዬ በዚያች ሌሊት ከጣቢያው ሳይወጣ ልጠይቀው እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። ስለ ኩሽኔታው በተጻፈው ዘገባ ላይ የሰፈረው የእርሱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የእኔ ዝምታ አልተጻፈም። ዛሬ በፊታችሁ የተናገርሁት ይኸው እንዲጻፍ ነው።