ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው

ዛሬ የምናወጋው ስለ አለቆች ነው። አለቃ የሆናችሁም፣ አለቃ ያላችሁም እስቲ ጠጋ በሉ።

በአገራችን መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛን ለማነቃቃት ያልተሞከረ ነገር የለም። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ ተባለ፤ ቢፒአር ብለን አቆላመጥነው። ውጤት ተኮር መጣ። አንድ ለአምስት ተደራጁ ተባለ። ካይዘን ከጃፓን ገባና እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። በየመካከሉ ደግሞ አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ማይክ የጨበጠ አነቃቂ ተናጋሪ «ትችላላችሁ!» እያለ ይውላል። ሠራተኛው ያጨበጭባል፤ ሻይ ቡናውን ይጠጣል፤ አበል ካለ ፈርሞ ይቀበላል።

ሁሉም ከንቱ ነው አልልም። ካይዘን በወጉ ሲሠራበት ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሰው ራሱ አሠራሩን እንዲያሻሽል የሚጋብዝ ነገር ነው። ብዙ ቦታ ግን ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ማስመርና ግድግዳው ላይ ሰሌዳ መስቀል ሆኖ ቀረ።

እና ሰኞ ጠዋት ባለጉዳይ ይመጣል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ጉዳዩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ለዓመታት ሠርታዋለች። ማስረጃው ተሟልቷል፣ መመሪያውም ግልጽ ነው። ፊርማው ግን የኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። «ከሰዓት ይመለሱ» ትላለች። ከሰዓትም ስብሰባ ላይ ናቸው። ባለጉዳዩ የሚቆጣው በእሷ ነው፤ እሷም በሰው ፊት ምንም የማትወስን ሰው ሆና ትታያለች። ዓርብ አዳራሽ ውስጥ «ትችያለሽ» ተብላ የወጣች፣ ሰኞ መስኮቷ ላይ «አትችዪም» ተባለች። የትኛውን እንድታምን ነው የምንፈልገው?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሳሰላስል ቶሎ የሚመጣልኝ አንድ የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጥራቸው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ከአውስትራሊያ፣ ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን ከኒውዚላንድ፣ ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች፣ በ1959 ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሊሠሩ መጡ። ውላቸው የ3 ዓመት ነበር፤ የመጡበት ጉዳይም አዋላጅ ነርሶችን ማሠልጠን። እዚህ ሲደርሱ በተራዘመ ምጥ የተጎዱ፣ ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው፣ በዚያም ምክንያት ከሰው የተገለሉ ሴቶች ጠበቋቸው። ፊስቱላ የምንለው ጉዳት ነው። ባልና ሚስቱ ውላቸው ሲያልቅ አልሄዱም፤ በ1974 ለዚሁ ጉዳት ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ ከፈቱ።

በ1962 ለሕክምና ከመጡት መካከል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ይገኙበታል። ያኔ የ16 ዓመት ግድም ልጅ ነበሩ። በአገር ቤት ለቀናት አምጠው ሕፃኑን አጥተዋል፤ ሰውነታቸው ክፉኛ ተጎድቷል። ፊደል አልቆጠሩም። የእሳቸው ጉዳት በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃ አልሆነምና ሆስፒታሉ ውስጥ ሲቆዩ የሌሎችን ሕመምተኞች አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ።

ዶክተር ሬጅናልድ ደግሞ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧቸው። መጀመሪያ መሣሪያ ማቀበል ነበር። እያቀበሉ ያያሉ፤ ቀጥሎ የትኛው እንደሚፈለግ ሳይጠሩላቸው ማወቅ ጀመሩ ብዬ ብገምት ሐሰት አይሆንብኝም። ቀጥሎ ክር መቁረጥ ተፈቀደላቸው። ቀጥሎ መስፋት፣ ሐኪሙ አጠገባቸው ቆመው። በመጨረሻም ሙሉው ቀዶ ሕክምና። እናት ልጇን መጋገር ስታለማምድ ከእንጎቻ ታስጀምራት የለ? የሊጡን መጥፋት ፈርታ ከምጣዱ አታርቃትም፤ ምጣዱን ጥላላትም ገበያ አትሄድም።

በ1989 ሎንዶን የሚገኘው የእንግሊዝ ሮያል የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሸልም፣ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጋር ወይዘሮ ማሚቱም ተሸላሚ ነበሩ። ከውጭ አገር ለሥልጠና የሚመጡ ሐኪሞች፣ የዲግሪያቸው ወረቀት በሻንጣ የሚያዝ ሰዎች፣ አሠራሩን ከእሳቸው እጅ ተማሩ። ወይዘሮ ማሚቱ ቀዶ ሕክምናውን ከተካኑ በኋላ ነው የማታ ትምህርት ገብተው ፊደል የቆጠሩት። ይኼኛውን ማንም ግዴታ ብሎ አልሰጣቸውም። ሥራው ራሱ ነው «ቀጥዪ» ያላቸው።

አሁን አንድ አለቃ ይህን እየሰማ «ይኸው መድኃኒቱ ተገኘ! ደመወዝ ሳልጨምር ኃላፊነት ልጨምር» ሊል ይችላል። አይሆንም። የቤት ኪራይ በኃላፊነት አይከፈልም። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» እያለ ጭማሪውን የሚያስረሳ አለቃ ሠራተኛው ቤት ያለውን ቤተሰብ የረሳ ሰው ነው። ክፍያው በወጉ ይከፈልና ከዚያ ወዲያ ስላለው ነገር ነው የማወራው።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ሥራ መስጠትና ሸክም ማራገፍ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ብዙ መሥሪያ ቤት «ይህን አንተ ያዘው» የሚባለው የሚያስወቅስ ነገር ሲመጣ ነው። ሲሳካ የአለቃ፣ ሲበላሽ የሠራተኛ። በቀዶ ሕክምናው ክፍል የነበረውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ስሕተት ቢፈጠር የሚጎዳው አልጋው ላይ የተኛው ሰው ነው፤ ተጠያቂው ደግሞ ሐኪሙ። ዶክተር ሬጅናልድ ያንን ኃላፊነት እንደያዙ ነው መርፌውን ያቀበሉት። ሠራተኛ ይህን በደንብ ያውቃል። አለቃው አብሮት ሊጠየቅ የተዘጋጀ መሆኑን ባየ ጊዜ የሚሠራበት ጥንቃቄ፣ ብቻውን እንደሚቀር ባወቀ ጊዜ ከሚሠራበት ጋር አይገናኝም። በሁለተኛው ጊዜ ጥንቃቄው ለራሱ ነው፤ ሁሉን ነገር በደብዳቤ ያስደርጋል፣ ግልባጭ ያበዛል፣ ውሳኔ ያሸሻል።

እዚያ ሆስፒታል ወይዘሮ ማሚቱ ብቻቸውን አልነበሩም። ታክመው የዳኑ ሴቶች ረዳት ሆነው ሕመምተኞችን የሚንከባከቡበት ልማድ ነበር። አዲስ የመጣችው ሴት አንገቷን ደፍታ ስትገባ፣ የምትቀበላት ሴት ያንን በር ራሷ አንገቷን ደፍታ ገብታበታለች። እንዲህ ያለችውን ሠራተኛ የትኛው አነቃቂ ተናጋሪ ምን ብሎ ያነቃቃታል? ታካሚዎቹ ድነው ሲሄዱ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ይሰጣቸዋል። ቀሚሱ ለታካሚዋ ነው፤ እኔ ግን ለሠራተኞቹም ይመስለኛል። የሠሩት ሥራ ለብሶ፣ በእግሩ ቆሞ በበሩ ሲወጣ ያያሉ።

መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን አያገኝም። ፋይሉን አውጥቶ ይሰጣል፤ ፋይሉ ይሄዳል። ባለጉዳዩ መሬቱን አገኘ? ጡረታው ተከበረለት? ማንም ተመልሶ አይነግረውም። ነገሩ ወጪ የለውም እኮ። አለቃው ወር በገባ ቁጥር «ያ አንተ አቧራ ውስጥ ፈልገህ ያገኘኸው ፋይል ለእኚህ አዛውንት ጡረታ ሆነላቸው» ቢለው በቂ ነው። እኛ ግን ለሠራተኛው የምንነግረው በመቶኛ ነው፤ ዕቅድ ይህን ያህል፣ ክንውን ይህን ያህል።

ዶክተር ሬጅናልድ በ1993 አረፉ። ዶክተር ካትሪን ቀጠሉ፤ ዘጠና ካለፋቸው በኋላም ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገቡ ነበር። ሥራን ለሌላ ማካፈል ከሥራ መራቅ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልገኝም። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ሆስፒታሎች ተከፈቱ፤ የታከሙት ሴቶችም ከ60,000 በላይ ሆኑ። ይህን ሁሉ ሁለት እጅ አይሠራውም። እሳቸው መጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ ሆስፒታሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ያ ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የመጡበት ጉዳይስ? እሱም ቆይቶ ደረሰ፤ በ2007 የሐምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ተከፈተ። ተማሪዎቹ ከገጠር ይመለመላሉ፤ ሲመረቁም ወደየመጡበት አካባቢ ተመልሰው በጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ምጥ ሰዓት አይመርጥም። ሌሊት የመጣችው እናት እዚሁ ትውለድ ወይስ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ትሂድ የሚለውን፣ የማንንም ፊርማ ሳትጠብቅ የምትወስነው ያቺ ወጣት አዋላጅ ናት።